ቀይ አፈርና ባዶ እግር

ከሶዶ ወደ ዳውሮ የሚወስደው መንገድ ወደ ኦሞ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት ቤሌን ያልፋል። ቤሌ በወላይታ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከሶዶ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ባለው አገር ብዙው አፈር ቀይ ነው። በበጋ ብናኝ ሆኖ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ በክረምት ጭቃ ሆኖ እግር ላይ ይጣበቃል። እንሰቱም ስኳር ድንቹም በቆሎውም የሚበቅለው በዚሁ አፈር ነውና ማንም ክፉ ስም አይሰጠውም።

አፈሩ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። የስምጥ ሸለቆው ሲከፈት የፈሰሰው ቅልጥ ዐለትና የተበተነው አመድ፣ በሙቀትና በዝናብ ብዛት ለብዙ ሺህ ዓመታት እየተሰባበረ ደቃቅ ሸክላ ሆነ። ከሶዶ በላይ የቆመው ዳሞታ ተራራም የዚያው እሳት ሥራ ነው። በዚህ ሸክላ ውስጥ ሲሊካ፣ አሉሚኒየምና ብረት በብዛት ይገኛሉ፤ ቤሪሊየምና ዚርኮኒየም የተባሉ ብረቶች ደግሞ በጥቂቱ ተቀላቅለውበታል። ቅንጣቶቹ እጅግ የደቀቁ ስለሆኑ ያልተጫማን እግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ።

መርዛማ ብረት ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ሲወራ ዓለም የሚጠራቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በጃፓን ሚናማታ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ወደ ሰው ገባ። እዚያው ጃፓን ውስጥ በቶያማ ከማዕድን ማውጫ የወረደው ካድሚየም የገበሬዎችን አጥንት ሰባበረ። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ከሳሽም ተከሳሽም አለ፤ ፍርድ ቤት ተቆሟል፣ ካሣ ተከፍሏል። የወላይታው ታሪክ እንዲህ አይደለም። ፋብሪካ የለበትም፣ የፈሰሰ ኬሚካል የለበትም። ያለው የሚታረስ መሬትና ጫማ ያልነበረው ሕዝብ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የቀረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ የሚከሰስ ሰው የሌለበት ጉዳት ጋዜጠኛም ጠበቃም ቶሎ አያገኝም።

አፈሩ የሚያመጣው የእግር በሽታ በአማርኛ ዝሆኔ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ማብቂያና በወጣትነት መግቢያ ላይ ነው። መጀመሪያ የእግር ጣቶችና የመርገጫው ፊት ይበላል፣ ሌሊት ያቃጥላል። ቀጥሎ እግሩ ሲመሽ ያብጣል፣ ሲነጋ ይጎድላል። ዓመታት ሲያልፉ እብጠቱ መጉደሉን ይተዋል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ እንደ ኪንታሮት ያለ ነገር ያበቅላል፣ ጣቶቹ ይደድራሉ። በየመካከሉ ትኩሳትና የብሽሽት ሕመም ይነሣና ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። እብጠቱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ ማለፉ ግን እምብዛም ነው።

ይህን እግር በአገሩ ያላየ አልነበረም፤ የታየውን ምንነት የሚያውቅ ግን ጠፋ። በ1928 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ወላይታ መጥተው ሶዶ አጠገብ ሰፈሩ። ኦቶና ላይ የተጀመረው ሕክምና ኋላ ትልቅ ሆስፒታል ሆነ። በዚያ ዘመን የሕክምና መጻሕፍት ስለ ዝሆኔ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ማንሰን በ1877 ቻይና ውስጥ ሆነው ፊላሪያ የተባለው ትል በትንኝ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ አሳይተው ነበርና፣ ያበጠ እግር የታየበት ቦታ ሁሉ ሐኪሙ የሚፈልገው ትል ነበር። በደጋማው ኢትዮጵያ ግን ሌሊት ደም ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትሉ አይገኝም። ሌሎች ሐኪሞች የሥጋ ደዌ ነው አሉ፤ ሕመምተኛውም ባልያዘው በሽታ ስም ከሰው ተለየ።

የወላይታን እግር በኋላ ለመረዳት ያገዘ አንድ ፍንጭ የተገኘው ከዚህ በጣም ርቆ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሴለም በምትባል ከተማ የፍሎረሰንት መብራት ፋብሪካ ነበር። አምፖሉ ውስጥ የሚቀባው ዱቄት ቤሪሊየም ነበረበት። በ1940ዎቹ የፋብሪካው ወጣት ሠራተኞች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ ሳንባቸው ተቆጣ፤ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ከሱ፣ አንዳንዶቹም ሞቱ። ዶክተር ሃሪየት ሃርዲ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ጉዳዩን በ1946 ይፋ አወጡ። ይበልጥ ግራ ያጋባው ከዚያ በኋላ የታየው ነው። በኦሃዮ የቤሪሊየም ፋብሪካ ደጃፍ እንኳ ረግጠው የማያውቁ ጎረቤቶች ታመሙ፤ የሠራተኛ ልብስ ያጠቡ ሚስቶችም ታመሙ። በሌላ በኩል ዱቄቱን ለዓመታት ሲተነፍሱ ኖረው ምንም ያልሆኑ ሠራተኞች ነበሩ። ቤሪሊየም ብዙ የወሰደውን ብቻ የሚጎዳ ተራ መርዝ አይደለም። የአንዳንዱን ሰው የመከላከያ ሥርዓት ያስቆጣል፤ የተቆጣው ሰውነት ደግሞ ራሱን ይጎዳል። በ1950ዎቹም ዚርኮኒየም የገባበት የብብት ቅባት የተጠቀሙ አንዳንድ አሜሪካውያን ብብታቸው ላይ ጠጣር እብጠት አወጡ። አብዛኛው ተጠቃሚ ምንም አልሆነም።

በኢትዮጵያ መልሱን መፈለግ የተጀመረው በቆጠራ ነው። ኦመን የተባሉ ሐኪም በ1969 ያሳተሙት ጥናት ለአገሩ የተስማማ ዘዴ ነበረው። የገጠር ሰው በሳምንት አንዴ ገበያ ይወጣል፤ ስለዚህ ቤት ለቤት ከመዞር ገበያ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን እግር መቁጠር ይሻላል። በ56 ገበያዎች ከ200 ሺህ በላይ ሰው ታየ። ከመቶው 2.7 ያህሉ እግሩ አብጦ ነበር። ገበያ የሚወጣው መራመድ የሚችለው መሆኑን ልብ ይሏል፤ ቤት የዋለው በቆጠራው አልገባም። ኦመን ያዩት ሌላም ነገር ነበር፦ በሽታው የትም ቦታ እኩል አልተሠራጨም። አንዱ ገበያ ሞልቶ ሌላው ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ሊኖር ይገባል።

ምክንያቱን የተከታተሉት እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ቀደም ሲል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የውስጥ እግር ቁስል ያጠኑ ስለነበሩ እግር ማየት ያውቁበታል። ኢትዮጵያ ሲመጡ የሥጋ ደዌ ያልሆነ፣ ትልም ያልሆነ እብጠት ገጠማቸውና ዕድሜያቸውን እስከ መጨረሻው ለዚሁ ሰጡ። በ1973 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ያወጡት ጽሑፍ ከሕሙማን ብሽሽት የተወሰደው የንፍፊት እጢ ውስጥ ማዕድን መኖሩን መርምሮ አሳየ። ሲሊካና አሉሚኒየም ያለባቸው ቅንጣቶች እጢው ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ፋብሪካ አልሠሩም፣ ድንጋይ አልፈለጡም። ቅንጣቱ ብሽሽት የደረሰው ከታች፣ በእግር በኩል ገብቶ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ የወላይታን ስም በዓለም የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ያስገባው ነው። ፕራይስ በዚያን ጊዜ አጠራር የወላሞ አውራጃ በተባለው በዛሬው ወላይታ የበሽታውን ሥርጭት ከአፈሩና ከአየር ንብረቱ ጋር አነጻጽረው በ1974 አሳተሙ። ሕመምተኛ የሚበዛው ቀይ ሸክላ ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበትና ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ መሬት ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ በሽታው ይጠፋል። በ1976 ደግሞ ይኸው ዝምድና በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በመጣ አፈር ላይ እንደሚታይ አሳዩ። ከቤሌ ተነሥቶ ወደ ኦሞ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ይህን ድንበር አቋርጦ ያልፋል። ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ አፈሩም ሙቀቱም በሽታውም ይለዋወጣል፤ ሰዉ ግን ያው ነው፣ ቋንቋውም ያው፣ ባዶ እግሩም ያው ነበር።

ፕራይስ በዚህ አላቆሙም። በ1985 ከባልደረባቸው ከፋይፍ ጋር ባሳተሙት ሙከራ ሲሊካ የጥንቸሎች የሊምፍ ቱቦ ውስጥ ተሰጠ። ቱቦው ተቆጣ፣ ጠባሳ አወጣ፣ ፈሳሽ ማሳለፍ ተሳነው። ከእግር ወደ ላይ መውጣት ያለበት ፈሳሽ መንገዱ ሲዘጋበት እዚያው ይጠራቀማል፤ እግሩም ያብጣል። በ1989 ቅንጣቶቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሰው ሥጋ ውስጥ ታዩ። ፕራይስ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጡት፤ በዚሁ ስም የጻፉት መጽሐፍም በ1990 ታተመ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ይህ በሽታ በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይ ገጠሮችም ነበረ። የጠፋው መድኃኒት ተገኝቶለት አይደለም። ገበሬው ጫማ ስላደረገ ጠፋ።

እንግዲህ መከላከያው በ1990 ታትሞ ይታወቅ ነበር፤ ጥፋተኛው ማዕድን የትኛው እንደሆነ ግን አልታወቀም። በ1993 ሁለት ጽሑፎች በተለያየ ቦታ ወጡ። አንዱ የዳንኤል ፍሮሜልና የባልደረቦቻቸው ነው፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ፖዶኮኒዮሲስ ላይ ቤሪሊየምና ዚርኮኒየም ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ያመለከተ ነበር። ሁለተኛው ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን የቤሪሊየም የሳንባ በሽታ የሚይዛቸው ሠራተኞች ብዙዎቹ ኤችኤልኤ በተባለው የመከላከያ ዘረ መል ላይ የጋራ ምልክት እንዳላቸው አሳየ። ሁለቱን ጎን ለጎን ላነበበ ሰው የሴለም ሳንባና የወላይታ እግር የሚቀራረቡ ይመስላሉ። የብረቱ ጥፋተኝነት ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ በኋላ የመጣ ጥናት ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ የተባሉ ማዕድናትን ጠርጥሯል። አንዱ ሲሊካውን፣ ሌላው ቤሪሊየሙን ይላል። እኔ የማዕድኑ ስም መታወቁ ለሳይንሱ እንደሚበጅ አልክድም፤ ለቤሌ ገበሬ ግን ሁሉም በአንድ በር የሚገቡ ናቸው፤ በሩ ደግሞ ይዘጋል።

በሩን መዝጋት ሥራዬ ያለው የመጀመሪያው ተቋም የተነሣው ከዚያው ከወላይታ ነው። በሚሲዮን ሐኪምነት ረጅም ዘመን በኢትዮጵያ የኖሩት አሜሪካዊው ዶክተር ናታን ባርሎው፣ ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ በ1998 ለዚህ በሽታ ብቻ የቆመ ማኅበር መሠረቱ። ሕክምናው ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም። እግር በሳሙና ይታጠባል፣ በረኪና በጥቂቱ በተቀላቀለበት ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ወይም የፈንገስ ቅባት ይቀባል፣ በጨርቅ ይጠመጠማል፣ ካልሲና ጫማ ይደረግበታል፤ ሲቀመጡ ከፍ ይደረጋል። ይህ በየቀኑ ከተደረገ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ያ ትኩሳት ያለበት ሕመም ይራራቃል። ማኅበሩ ወላይታ ውስጥ ከደርዘን በላይ ቦታ ላይ አገልግሎት ከፈተ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ውሳኔው ግን ማን ይሥራው የሚለው ነው። እግራቸው የተሻላቸው ሕመምተኞች ሠልጥነው ሌሎቹን ማከም ጀመሩ። አብረውት ቤተ ክርስቲያን የማይቀመጡት የነበረ ሰው የሌላውን እግር ይዞ ሲያጥብ፣ መንደሩ ስብከት ሳይሰማ ሐሳቡን የሚቀይርበት ምክንያት ያገኛል። ማኅበሩ ጫማ መሥራትም አስተማረ፤ ያበጠ እግር በሱቅ ጫማ አይገባማ።

ከዚያ ቁጥሮች መጡ። በ2003 ካሳሁን ደስታ፣ መስቀሌ አሺኔና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ብሪታኒያዊቷ ዶክተር ጌል ዴቪ፣ በወላይታ በበሽታው የተያዘው ሰው 5.46 በመቶ መሆኑን አወጡ። ከሃያ ሰው አንዱ ማለት ነው። በ2006 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ጉዳቱን በገንዘብ ተመኑት። አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ካሉት የሥራ ቀናት 45 በመቶውን ያጣል፤ 1.5 ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት የዚያን ጊዜው ወላይታ በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። በስፋቱ ጠባብ፣ በሕዝቡ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚዎች ተርታ ለሆነ አካባቢ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጫማ ይወደዳል የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ማየት አለበት።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ሌላው ጥናት ነው። በነዚያው ዓመታት ወላይታ ውስጥ የጤና ባለሙያዎች ስለ በሽታው ሲጠየቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር። አፈር ተላላፊ አይደለም! ሐኪሙ የፈራውን ሕመምተኛ ጎረቤት ለምን አይፈራውም? የታመመ ሰው ካለበት ቤት ልጅ አይዳርም፤ ተማሪው በክፍል ጓደኞቹ አፍሮ ትምህርት ይተዋል፤ ሰውየው ራሱ ከዕድርና ከሠርግ ይቀራል።

በዚህ ሁኔታ ላይ የዘር ጥናት መጣ። በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች የሚታመመው ጥቂቱ ነው፤ በሽታውም በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። በ2007 በወላይታ 59 ቤተሰቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ለበሽታው የመጋለጥ ልዩነት 63 በመቶ ገደማው በውርስ እንደሚገለጽ ገመቱ፤ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል የተጋለጠ ነው። ጥናቱ አስፈላጊ ነበር፣ አደገኛም ነበር። ቀድሞውንም «ዘራቸው ነው» ተብለው ጋብቻ የተነፈጉ ቤተሰቦች ደጃፍ የደም ናሙና ፈልጎ መሄድ ያንኑ ሐሜት ማተም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ፈቃድ እንዴት ይጠየቅ፣ ምን ይባል፣ መገለሉ እንዳይባባስ ምን ይደረግ የሚለውን ራሱን ችሎ አጥንተው በ2009 አሳተሙ። ከውጭ መጥቶ ደም ቀድቶ የሚሄድ ተመራማሪ በበዛበት አገር ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

ውጤቱ በመጋቢት 2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችና 203 ጤነኞች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ የታየው ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት በተባለው የዘረ መል አካባቢ ነው፤ በ1993 የቤሪሊየም ሠራተኞች ምልክት የተገኘበት ያው ሠፈር። ይህ ቤሪሊየምን አያስፈርድበትም። የሚያሳየው በአፈሩ ውስጥ ያለ አንድ ነገር የአንዳንዱን ሰው መከላከያ እንደሚያስቆጣ ነው። ዘር ብቻውን አያሳምምም፤ ያው ዘር ያለው ሰው ከልጅነቱ ተጫምቶ ካደገ አፈሩ አያገኘውም።

በነዚህ ዓመታት ነገሩ ፈጠነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ፖዶኮኒዮሲስን ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል አስገባው። ኢትዮጵያ በ2013 ባወጣችው የተዘነጉ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ አካተተችው። በከበደ ደሪቤ የተመራው አገር አቀፍ ቅኝት በ1,315 አካባቢዎች ከ129 ሺህ በላይ አዋቂዎችን አይቶ 4 በመቶው እንደታመመ አገኘ፤ በአገሪቱ ያለው ሕመምተኛ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተገመተ። በሽታው የወላይታ ብቻ መምሰሉ በዚህ ቀረ፤ ጎጃምም ወለጋም ሲዳማም አለበት። ከድንበር ውጭ ካሜሩን፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳ ተመሳሳይ አፈርና ተመሳሳይ እግር አላቸው። በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣው የምሥራቅ ጎጃም ሙከራ ደግሞ ባርሎው በወላይታ ያስለመዱት ዓይነት የእጥበትና የጫማ ክብካቤ ድንገተኛ ሕመሙን እንደሚቀንስ በ696 ሕሙማን ላይ በሥርዓቱ አረጋገጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ በተግባር የታየ ነገር ማስረጃ አገኘ።

በአሜሪካ የቤሪሊየም ሕግ በ2017 ተሻሻለ። አንድ ሠራተኛ እንዲተነፍሰው የሚፈቀደው መጠን ከቀድሞው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ሴለም ላይ ሴቶች ከታመሙ ሰባ ዓመት አልፎ ነበር። ለፋብሪካ ሕግ ይወጣል፣ ተቆጣጣሪ ይላካል። ለማሳ እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ መሬቱን «ከዚህ በላይ ቤሪሊየም አይኑርህ» ብሎ መቅጣት አይቻልም።

ዛሬ በቤሌም በሶዶም ተማሪ ጫማ ያደርጋል። ላስቲክም ሆነ ሸራ፣ በረባሶም ሆነ በዕርዳታ የመጣ፤ የአሜሪካው ቶምስ ኩባንያም በወላይታ ለልጆች ጫማ አድሏል። ነገር ግን ለትምህርት ቤትና ለገበያ የተደረገው ጫማ ማሳ ሲደረስ ይወልቃል። ጭቃ ይዞ ያስቸግራል፣ ይቀደዳል፣ ለበዓል መቆየት አለበት። አፈሩ እግርን በደንብ የሚያገኘው ደግሞ በእርሻና በአረም ጊዜ ነው። ክፍት ነጠላ ጫማም ቢሆን ብናኙን አያስቀርም። ጫማ ታደለ ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሁሉ ለማሳ የሚሆን ጫማ ታደለ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልካም ነው። ውኃውም እንዲሁ ነው፤ ጀሪካን ተሸክማ ሩቅ ወንዝ የምትወርድ እናት ለሕመምተኛው እግር በየቀኑ ውኃ ቆጥባ ማስቀመጥ ይከብዳታል። ወላይታ ሶዶ ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ የክልሉ ቢሮዎች ይህን ጉዳይ ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም።

ስለዚህ ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። በቀይ አፈር አገር የሚያድግ ልጅ ካለዎት መራመድ ሲጀምር ጀምሮ የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፤ ማሳም ሲወርድ እንዳያወልቅ ይንገሩት። ማታ ማታ እግሩን በሳሙና ይታጠብ። የእግሩ ጣቶች ቢበሉት፣ ሌሊት ቢያቃጥለው፣ ሲመሽ ቢያብጥበት ነገሩን አይደብቁ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳዩ፣ ወይም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በዚያ ደረጃ ላይ የተያዘ እግር መልሶ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። እግሩ ያበጠ ጎረቤት ካለዎትም እጁን ይጨብጡ፣ አብረውት ይብሉ፤ አይተላለፍም።